የድሮ ፒካፕን ከቤንዚን ወደ ኢታኖል መቀየር፦ ጄት ማስፋት የመጨረሻው ሥራ ነው

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የተሠራ፣ ካርቡራተር ያለው ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ፒካፕ አለኝ። የሞተሩ የመጭመቅ መጠን 8.5 ለ1 ነው። ኢታኖል በመደበኛነት የማገኝበት መንገድ ተከፍቶልኛል፤ ጥራቱ ከ95 በመቶ ትንሽ ከፍ ያለ ሲሆን የቀረው ውሃ ነው። የካርቡራተሩን ጄት ካሰፋህ በቂ ነው ይሉኛል። እውነት ነው? ኢታኖሉ ሲጠፋስ ወደ ቤንዚን መመለስ እችላለሁ?»

አይበቃም። ጄቱን፣ ማለትም በካርቡራተሩ ውስጥ ነዳጅ የሚለካበትን ቀዳዳ፣ ማስፋት የግድ ነው፤ ግን ከሥራው ሁሉ ቀላሉና መጨረሻ ላይ የሚመጣው ነው። ጄቱን ብቻ ያሰፋ ሰው መኪናው በዚያው ዕለት ይነሳለታል፣ ይሄድለታልም። ችግሩ የሚመጣው ቆይቶ ነው፤ ፊልትሮው ይዘጋል፣ የጎማ ቱቦዎቹ ያብጣሉ ወይም ይሰነጠቃሉ፣ ብርድ ሲሆን ሞተሩ አልነሳም ይላል። ያኔ ጥፋቱ በኢታኖል ይላከካል። ኢታኖል ግን በትክክል ለተዘጋጀለት ሞተር በጣም ጥሩ ነዳጅ ነው። ስለዚህ ሥራውን በሚሠራበት ቅደም ተከተል ላስረዳዎ።

ከመፍቻ በፊት አንድ ነገር ይወስኑ፦ መኪናው ከእንግዲህ በኢታኖል ብቻ ይሄዳል ወይስ አልፎ አልፎ ቤንዚንም ይጠቀማል? በዘመናዊ መኪና ኮምፒውተሩ በታንኩ ውስጥ ያለውን ድብልቅ አውቆ የነዳጁን መጠን ራሱ ያስተካክላል። ካርቡራተር ይህን አያውቅም። የተቆረጠለትን ቀዳዳ ይዞ ይኖራል። ንጹህ ቤንዚን ለማቃጠል ለአንድ ኪሎ ነዳጅ 14.7 ኪሎ አየር ያስፈልጋል፤ ለንጹህ ኢታኖል 9 ኪሎ አየር ብቻ ይበቃል። ለኢታኖል በተከፈተ ጄት ቤንዚን ቢገባ ሞተሩ በነዳጅ ይታፈናል፤ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ለቤንዚን በተለካ ጄት ኢታኖል ቢገባ ደግሞ ነዳጁ ያንሰዋል፤ ሞተሩ ያስላል፣ ጉልበት ያጣል፣ ረዘም ላለ ጊዜ ጭነት ከተሸከመ የጭስ ማውጫ ቫልቮቹን ሊያቃጥል ይችላል። ሁለቱን በአንድ ታንክ እያቀላቀሉ በካርቡራተር መንዳት ማለት በየጊዜው ካርቡራተሩ የማያውቀውን ነዳጅ ማቅረብ ነው።

የእርስዎ ኢታኖል ውሃ ያለበት መሆኑ ሌላ ምክንያት ይጨምራል። ውሃ ያለበት ኢታኖል ለብቻው ሲነድ ምንም አይልም። ይህ ጥራት ተራ ማጣራት ሊደርስበት የሚችለው የመጨረሻ ደረጃ አካባቢ ነው፤ በክብደት ከ95.6 በመቶ በላይ በማፍላት ብቻ ማለፍ አይቻልም፣ ለዚያ ውሃውን የሚመጥ ሌላ ሂደት ያስፈልጋል። ችግር የሚፈጠረው ጥቂት እንዲህ ያለ ኢታኖል ብዙ ቤንዚን ውስጥ ሲጨመር ነው። በተለይ ሲበርድ ውሃው ኢታኖሉን ይዞ ከቤንዚኑ ይለይና ታች ይቀመጣል፤ ፓምፑ ደግሞ የሚስበው ከታች ነው። ከቤንዚን ጋር መደባለቅ የሚፈልግ ሰው ደረቅ፣ 99.5 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ኢታኖል መያዝ አለበት። የእርስዎ እንዲህ ያለ ስላልሆነ ምክሬ ግልጽ ነው፦ ኢታኖሉ ለብቻው፣ በራሱ ታንክ።

ሌላም ማጣራት አለ። ኢታኖሉን እንዳይጠጣ ለማድረግ ምን እንደተጨመረበት አቅራቢውን ይጠይቁ። ሜታኖል የተጨመረበት ከሆነ አይውሰዱ። ሜታኖል ለሰው መርዝ ነው፣ በቆዳም ይገባል፤ ብረትና ጎማን የሚጎዳውም ከኢታኖል ይበልጥ ነው።

አሁን ወደ መኪናው። መጀመሪያ የሞተሩን ጤና ይለኩ። የየሲሊንደሩ ኮምፕሬሽን እኩል ካልሆነ፣ ዘይት የሚበላ ከሆነ፣ ነዳጅ መቀየር አያድነውም። ጤነኛ ከሆነ ሥራው የሚጀምረው ከታንኩ ነው።

የዚያ ዘመን ብዙ ታንኮች ውስጣቸው በእርሳስና በቆርቆሮ ቅይጥ የተለበጠ ነው። ኢታኖል ይህን ልባጥ ቀስ በቀስ ይበላዋል። እርሳስ፣ ዚንክ፣ ናስና አሉሚኒየም ለረጅም ጊዜ ኢታኖል ውስጥ ሲቀመጡ የሚጎዱ ብረቶች ናቸው፤ ያልተለበጠ ብረት፣ የማይዝግ ብረትና ነሐስ ይችሉታል። ኢታኖል ከቤንዚን በተለየ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ሁለት የተለያዩ ብረቶች ውስጡ ሲነካኩ አንደኛው ቶሎ ይበላል። ታንኩን አስወርደው ውስጡን ይዩ። ዝገት ካለ ወይም ልባጡ ከተላጠ ከማይዝግ ብረት ወይም ለነዳጅ ከተሠራ ፖሊኤቲሊን የተሠራ ታንክ ማስገባት ከሁሉ ይሻላል። ውስጡን በቀለም መሰል ማሸጊያ ለብጦ መጠቀም ብዙ ሰው ይመርጣል፤ ማሸጊያው ኢታኖልን እንደሚችል በአምራቹ በጽሑፍ ካልተገለጸ ግን ተልጦ መስመሩን ይዘጋል። የነዳጅ መጠን ጠቋሚው ተንሳፋፊ የቡሽ ከሆነ ይቀየር።

ቱቦዎቹን ያለ ምሕረት ሁሉንም ይቀይሩ። የድሮ የተፈጥሮ ጎማ፣ የቡሽ ጓርኒሲዮን፣ ቆዳ፣ ፖሊዩረቴን፣ እነዚህ ለኢታኖል አይሆኑም። የሚፈልጉት ውስጡ በፍሎሮካርቦን ጎማ የተሠራ የነዳጅ ቱቦ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቫይተን በሚለው የንግድ ስሙ ይታወቃል። በቱቦው ላይ «ኤስ.ኤ.ኢ. ጄ30 አር9» የሚለውን ምልክት ይፈልጉ። ለኦሪንግና ለፓምፕ ዲያፍራምም ያው ነው። ቴፍሎንም ጥሩ ነው። አንድ አሮጌ ቱቦ ከመቀመጫው ኋላ ተደብቆ ቢቀር ሥራው ሁሉ ዋጋ ያጣል፤ የሚያፈሰው እሱ ነውና።

ኢታኖል ጥሩ አጣቢ ነው። ቤንዚን በዓመታት ውስጥ በመስመሩ ግድግዳ ላይ የጋገረውን ሙጫ መሰል ቆሻሻ ፈትቶ ወደ ፊት ይዞት ይመጣል። የመጀመሪያው ሙሉ ታንክ ሲያልቅ ፊልትሮውን ይቀይሩ፣ ሁለተኛው ሲያልቅም እንደገና። መለዋወጫ ፊልትሮ ከመፍቻው ጋር መኪናው ውስጥ ይኑር።

ካርቡራተሩ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከዚንክ ቅይጥ የተፈሰሰ ነው። ውሃ ያለበት ኢታኖል ለወራት ሲቀመጥበት ነጭ ዱቄት መሰል ዝገት ያወጣል፤ ዱቄቱም ጄቶቹን ይዘጋል። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1975 የአልኮል ነዳጅ ፕሮግራሟን ጀምራ በ1979 ፊያት 147 በኢታኖል ብቻ የሚሄድ መኪና ሆኖ ለገበያ ሲቀርብ፣ አምራቾቹ ከተጋፈጧቸው ችግሮች አንዱ ይኸው ነበር፤ መፍትሔ ያደረጉት ካርቡራተሩን በኒኬል መለበጥ ነው። እርስዎም ኬሚካላዊ የኒኬል ልባጥ የሚሠራ ሰው ካገኙ ያስለብጡት። ካላገኙ ደግሞ መኪናው ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቆም ሲሆን ካርቡራተሩን ባዶ ማድረግ ልማድ ይሁንዎ፤ የነዳጁን መስመር ዘግተው ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ማስኬድ ይበቃል።

ሰው ሁሉ የሚዘነጋው ሙቀትን ነው፤ እኔ ግን ከጄቱ በላይ የማስብለት ለእሱ ነው። ፈሳሽ ነዳጅ እንዲተን ሙቀት ይፈልጋል። አንድ ኪሎ ኢታኖል ለመትነን ቤንዚን ከሚፈልገው ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ሙቀት ይፈልጋል፤ የሚገባው ነዳጅም በክብደት ስልሳ በመቶ ያህል ይበዛል። ሁለቱ ሲባዙ ለአንድ መጠን አየር የሚያስፈልገው የማትነኛ ሙቀት ወደ አራት እጥፍ ይደርሳል። ይህ ሙቀት ካልተገኘ ኢታኖሉ ሳይተን በማኒፎልዱ (አየርና ነዳጅ ወደ ሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ቱቦ) ግድግዳ ላይ እንደ ፈሳሽ ይወርዳል። አንዱ ሲሊንደር በዝቶበት ሌላው ያንሰዋል፣ ያልተነነው ነዳጅ የሲሊንደሩን ዘይት አጥቦ ፒስቶንና ቀለበቶቹን ያለ ቅባት ያስቀራል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ጄቱ ትንሽ ነው ብሎ ይደመድምና ይጨምርበታል፤ በሽታው ይብሳል።

ስለዚህ ፋብሪካው የሠራውን ማሞቂያ ሁሉ ይመልሱ። በጭስ ማውጫው ዙሪያ ካለው ቆርቆሮ ሞቅ ያለ አየር ወደ አየር ማጣሪያው የሚያመጣው ቱቦ በድሮ መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ ወልቆ ተጥሏል፤ ይገጠም። በማኒፎልዱ ሥር የሚያልፈው የሙቅ ውሃ ወይም የጭስ መተላለፊያ ተዘግቶ ከሆነ ይከፈት። የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት የወጣ ከሆነ ይመለስ፤ ከ88 እስከ 92 ዲግሪ የሚከፈተው ዓይነት ተመራጭ ነው። ለቤንዚን ሞተር የሞቀ አየር ጉልበት ይቀንሳል የሚባለው እውነት ነው፤ ካርቡራተር ላለው የኢታኖል ሞተር ግን ነዳጁ በእኩል እንዲከፋፈል የሚያደርገው እሱ ነው።

የማለዳ መነሳትም የዚሁ ጉዳይ አካል ነው። ቤንዚን ውስጥ በጣም ሲበርድም የሚተኑ ቀላል ክፍሎች አሉ። ኢታኖል አንድ ንጥረ ነገር ብቻ ስለሆነ የሚፈላው በአንድ ሙቀት፣ በ78 ዲግሪ ነው። የአየሩ ሙቀት ከ12 ወይም 13 ዲግሪ በታች ሲወርድ ለመቀጣጠል የሚበቃ ትነት አያወጣም፤ ካንዴላው ቢፈነጥቅም የሚይዘው ነገር የለም። መፍትሔው ግማሽ ሊትር ገደማ ቤንዚን የሚይዝ ትንሽ ታንክና አንድ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ነዳጅ ፓምፕ ነው፤ ቁልፉን ለአንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ሲጫኑ ቤንዚን በካርቡራተሩ አፍ በኩል ይረጫል፣ ከዚያ ሞተሩን ያስነሳሉ። የመስታወት ማጠቢያ ፓምፕ ለዚህ አይሁን፤ ለቤንዚን አልተሠራም፣ ያፈሳል። ታንኩም ከጭስ ማውጫው ርቆ ይታሰር። ከዚያ ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞውን (ነዳጅ ሳይረገጥ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ፍጥነት) እስኪይዝ ድረስ በቾክ ማቆየት ነው፤ ከቤንዚን ትንሽ ይረዝማል።

ጄቱ ላይ ደረስን። በይዘት ሲሰላ ንጹህ ኢታኖል ከቤንዚን ወደ 50 በመቶ የሚበልጥ ፈሳሽ እንዲፈስ ይፈልጋል። ስለዚህ ሃምሳ በመቶ መጨመር ያለበት የቀዳዳው ስፋት እንጂ ዲያሜትሩ አይደለም። ዲያሜትሩ ከ22 እስከ 24 በመቶ ሲጨምር ስፋቱ ሃምሳ በመቶ ገደማ ይጨምራል። 1.20 ሚሊሜትር የነበረ ዋና ጄት ወደ 1.47 ይደርሳል ማለት ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው ዲያሜትሩን በሃምሳ በመቶ አስፍቶ ነዳጁን ከእጥፍ በላይ ያደርገዋል። ከተቻለ በቁጥር የተለካ አዲስ ጄት ይግዙ። መሰርሰር የግድ ከሆነ በእጅ በሚዞር ቀጭን መሰርሰሪያ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይሁን፤ የመግቢያው አፍ ቅርጽ ከተበላሸ የሚያልፈው ነዳጅ ከልኩ ጋር አይገናኝም። የድሮዎቹን ጄቶች አይንኩ፣ ስማቸው ተጽፎባቸው ይቀመጡ።

ዋናው ጄት ብቻ አይደለም። የሚኒሞው ጄትም በዚያው መጠን ይሰፋል፤ ካልሰፋ ሞተሩ ሲቆም ይጠፋል፣ ሲነሳ ያመነታል። ነዳጅ ሲረገጥ የሚረጨው ፓምፕ ምቱ ይጨመር ወይም አፍንጫው ይስፋ። የመርፌ ቫልቩ መቀመጫ ጠባብ ከሆነ ሽቅብ ላይ በሙሉ ጭነት በካርቡራተሩ ውስጥ ነዳጅ የሚጠራቀምበት ገንዳ ይደርቃል፤ እሱንም ይዩ። ኢታኖል ከቤንዚን ስለሚከብድ የገንዳው ተንሳፋፊ ከፍ ብሎ ይቀመጥና ቫልቩን ቀድሞ ይዘጋል፤ ደረጃው በኢታኖል እንደገና ይለካ።

ለማስተካከል ከካንዴላ ቀለም አይነሱ። ቤንዚን ላይ ቡናማ፣ ጥቁርና ነጭ እያልን የምናነበው ጥላሸት ኢታኖል ላይ የለም ለማለት ይቻላል፤ ልኩን ያገኘውም ነዳጅ ያነሰውም ንጹህ ነጭ ሆኖ ይወጣል። በጭስ ማውጫው ላይ ሰፊ ክልል የሚያነብ የላምዳ መለኪያ ቢገጥሙ ገንዘብዎ አይባክንም። ላምዳ 1.0 ማለት አየሩና ነዳጁ በልክ ተመጣጥነዋል ማለት ነው፤ ከዚያ ካነሰ ነዳጁ በዝቷል። ለጭነት 0.85 እስከ 0.90፣ ለተረጋጋ ጉዞ 1.0 አካባቢ ይፈልጉ። መለኪያው በቤንዚን ሚዛን የተሠራ ከሆነ ለኢታኖልም ላምዳ 1.0ን «14.7» ብሎ ያሳያል፤ ቁጥሩ 9 እስኪሆን አይጠብቁ፣ ሞተሩን በነዳጅ ያሰምጡታል። ፒካፑ በካርቡራተር ፋንታ የነዳጅ መርጫ (ኢንጀክተር) ያለው ዓይነት ቢሆን ኖሮ የጄቱን ቦታ የሚይዙት መርጫዎቹና ፓምፑ ነበሩ፤ ስሌቱ ግን ያው ነው።

የፍንጣሪው ጊዜ በጥቂቱ ይቅደም፣ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ። እዚህ ላይ ለቤንዚን የለመድነው ዘዴ ያሳስታል። ቤንዚን ላይ ሞተሩ ማንኳኳት እስኪጀምር እናስቀድምና ትንሽ እንመልሳለን። የኢታኖል ኦክቴን (ማንኳኳትን የመቋቋም ልኩ) በጥናት ዘዴው (RON) 109 ገደማ ስለሆነ በ8.5 ለ1 ሞተር ላይ ማንኳኳቱ ከነጭራሹ ላይሰማ ይችላል። አለመሰማቱ ልክ ነው ማለት አይደለም፤ ከልኩ ካለፈ ሞተሩ ፒስቶኑን ወደ ታች ከመግፋት ይልቅ እየወጣ ያለውን ፒስቶን ይታገላል። ሽቅብ ላይ በአንድ ማርሽ፣ በአንድ ፍጥነት እየሞከሩ ጉልበት መጨመሩ የቆመበት ቦታ ላይ ያቁሙ።

ፍጆታው ይጨምራል፣ ይህን አስቀድመው ይወቁ። አንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 32 ሜጋጁል ኃይል ሲይዝ አንድ ሊትር ኢታኖል 21 ያህል ብቻ ነው። በሙሉ ታንክ 450 ኪሎሜትር ይሄድ የነበረ መኪና ወደ 300 ይወርዳል። ከዚህ ጥቂት የሚመለሰው የመጭመቅ መጠኑን በማሳደግ ነው። ኢታኖል 12 ለ1 ድረስ በምቾት ይችላል፤ ከ8.5 ወደዚያ መውጣት የሞተሩን ብቃት ከ8 እስከ 10 በመቶ ሊያሻሽል ይችላል። ሥራው ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) መላጥ ወይም ፒስቶን መቀየር ስለሆነ በቫልቭና በፒስቶን መካከል የሚቀረው ክፍተት ሳይለካ አይነካም። ቴስታታው ከወረደ ደግሞ የጭስ ማውጫ ቫልቮቹ መቀመጫ ጠንካራ ብረት መሆኑን ያረጋግጡ፤ በእርሳስ ለተቀላቀለ ቤንዚን የተሠሩ የድሮ ሞተሮች ለስላሳ መቀመጫ አላቸው፣ ኢታኖል ደግሞ እንደ እርሳሱ መቀመጫውን ከመበላት የሚጠብቅ ነገር የለውም። ይህን ሁሉ ካደረጉ ግን ወደ ተራ ቤንዚን መመለስ የለም፤ ሞተሩ እያንኳኳ ይሰበራል።

የሞተር ዘይቱን መጀመሪያ ላይ በግማሹ ጊዜ ይቀይሩ። የዘይት መክፈቻው ክዳን ሥር ወተት መሰል ነገር ካዩ ውሃና ኢታኖል ዘይቱ ውስጥ እየገባ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ሞተሩ ሳይሞቅ አጭር መንገድ እየሄዱ ማጥፋት ነው።

አሁን ስለ እሳት፣ ይህን እባክዎ በጥንቃቄ ያንብቡት። የቤንዚን ታንክ ውስጥ ያለው ትነት በተለመደው ሙቀት በጣም ስለሚበዛ፣ አየሩም ስለሚያንስ፣ እዚያው ውስጥ ለመቀጣጠል አይመችም። የኢታኖል ትነት ግን በ20 ዲግሪ አካባቢ አየሩን ወደ 6 በመቶ ይይዛል፤ የሚቀጣጠልበት ክልል ደግሞ ከ3.3 እስከ 19 በመቶ ነው። ታንክዎ ውስጥ ያለው አየር በተራ ቀን ሊፈነዳ የሚችል ድብልቅ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የታንኩ መተንፈሻና መሙያ አንገት ላይ እሳት የማያሳልፍ ወንፊት ይግጠሙ፣ ሲሞሉ ዕቃውንና የመኪናውን አካል በሽቦ ያገናኙ፣ ለኢታኖል ያልተሠራ ፓምፕ ታንክ ውስጥ አያስገቡ። የኢታኖል ነበልባል በቀን ብርሃን እምብዛም አይታይም፤ ሙቀት ከተሰማዎ ወይም አየሩ ሲንቀጠቀጥ ካዩ እሳት አለ ብለው ይራቁ። የዱቄት ማጥፊያ ይያዙ፤ ተራ አረፋ ኢታኖል ላይ ይፈርሳል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። ቴስታታውን ካልነኩ መመለስ ይችላሉ፤ ግን በመቀላቀል አይደለም። ታንኩ ይደርቃል፣ መስመሩ ይጸዳል፣ የድሮዎቹ ጄቶች ይመለሳሉ፣ ፍንጣሪውና የተንሳፋፊው ደረጃ ወደ ቦታቸው ይሄዳሉ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በየወሩ የሚያጋጥምዎ ከሆነ በቤንዚን ጄት የተዘጋጀ ሁለተኛ ካርቡራተር መደርደሪያ ላይ ቢያስቀምጡ ሥራው በእጅጉ ይቀላል። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ የመጭመቅ መጠኑን አሳድገው ለኢታኖል ብቻ ቢተዉት እመርጣለሁ። ከመወሰንዎ በፊት ግን የመኪናውን ነዳጅ መቀየር በምዝገባውና በመድን ውሉ ላይ ምን እንደሚያስከትል ይጠይቁ።

ኢታኖሉ በመጣ ቁጥር በፈሳሽ ክብደት መለኪያ ይለኩት። በ20 ዲግሪ ሙቀት ንጹሁ 0.789፣ በይዘት 96 በመቶ የሆነው 0.807፣ በይዘት 90 በመቶ የሆነው 0.829 ያነባል። 0.815 ካለፈ ውሃው በዝቷልና ታንኩ ውስጥ ሳይገባ ለአቅራቢው ይመለስ።